የበኩር ልጅ ዕዳ

በጋሞ ደጋ የበኩር ልጅ መሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ባይራ ይባላል። በነባሩ እምነት ለቤተሰቡ በግ የሚያርደውም፣ ዘር የሚያስጀምረውም እሱ ነው። ታናሽ ከታላቁ ቀድሞ ካረደ ጎሜ፣ ማለትም መቅሠፍት የሚያመጣ ነውር፣ ይሆናል። ጎሜ የገባበት ቤት ልጅ ይታመማል፣ ላም ይነጥፋል፣ ማሳም እምቢ ይላል ተብሎ ይታመናል።

እኔ ባይራ ነኝ። የምኖረው ግን ሜሪላንድ ነው። ኡበር እነዳለሁ፣ እሁድ እሁድ ቸርች ኳየር ውስጥ እዘምራለሁ። ጴንጤ የሆንኩት አርባ ምንጭ ተማሪ ሳለሁ ነው። አባቴ ሲሰማ ብዙም አልተቆጣም። እሱ እስካለ ማረዱ የእሱ ነበርና። ጣጣው የመጣው ሲሞት ነው።

ይህን ሃይማኖት ፈረንጅ አመጣብን የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። የሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን ሰዎች ጎረቤታችን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1937 ጣሊያን ሲያስወጣቸው ያጠመቁት ሰው 50 እንኳ አይሞላም ነበር። ሲመለሱ በሺዎች ሆኖ ጠበቃቸው። ያስፋፋው የራሳችን ገበሬ ነው፤ ጋሞም ድረስ እየተሻገረ ሰበከ። ደርግ ደግሞ መሥዋዕቱን «ጎጂ ባህል» ብሎ ከለከለ። የጴንጤውንም ቸርች ዘጋ፤ እሱ እንኳ አላዳላም።

ዘንድሮ የወንድሜ ገብስ ቀጨጨ። ጎረቤት «ታላቅየው ስላላረደ ነው» ይላል። ደወለልኝ። «አንተ እረድ፣ የበጉን ዋጋ እልካለሁ» አልኩት። ሳቀብኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ቆመህ እኔ እንዴት አርዳለሁ? እሱ ራሱ ጎሜ ነው እኮ!»

እህታችን አማኝ ናት። «ብር ከላክህ ጣዖት መገብክ» ብላ አኩርፋኛለች። ከወንድሜ ጋር በአንድ ግቢ እየኖሩ፣ በአባታችን ለቅሶ እንኳ ለየብቻ ነው የተቀመጡት።

በመስከረም 2011 አዲስ አበባ አጠገብ ቡራዩ ላይ ጋሞዎች ከተገደሉ በኋላ የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ሲነሳ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ተመለሰ። እኛ ቸርች ቪዲዮውን ያልተቀባበለ የለም። እነዚያን አባቶች ያሳደጋቸው ግን ዱቡሻ፣ የነባሩ ሥርዓት የሸንጎ አደባባይ፣ ነው። ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲለምን አልፎ የሚሄድ ሰው ጎሜ ይፈራል። ይኸው ጎሜ እሁድ ከመድረክ «የሰይጣን እስራት» ይባላል። ይሄ ለእኔ አይዋጥልኝም።

አሁን ጉዳዩ ሽማግሌዎች ጋ ነው። የባይራውን ቦታ ለታናሽ ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ይመክሩበታል። በእኔ በኩል እሺ ብያለሁ። ለፓስተራችን ገና አልነገርኳቸውም።