ግማሽ አለ

አባቴ ያወረሰኝ ቮልስ በፈረንጆቹ 1966 የተሠራች ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ የነገረችኝን ሁሉ አምናለሁ። ጌጇ «ግማሽ ቤንዚን አለ» ካለ፣ አለ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ግማሽ አለ ሲል ከረመ። እኔም ልጠረጥር ሲገባኝ «ይቺ መኪና እኮ ቤንዚን በማሽተት ብቻ ነው የምትሄደው» እያልኩ ለሚስቴ ጉራዬን እነዛ ነበር።

እሁድ አማቴን ከክርስትና ድግስ ይዣቸው ስመለስ፣ ከለገሃር ወደ ፒያሳ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ሳንደርስ ሁለቴ ሳለችና ቀጥ አለች። አማቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ጭናቸው ላይ ይዘዋል።

«ልጄ፣ ቤንዚን አልቆ ይሆን?»

«አይ እማዬ፣ ይኸው ግማሽ አለ» ብዬ ጌጁን በጣቴ መታ መታ አደረግኩላቸው።

ወርጄ ከኋላ ሞተሩን ከፈትኩ። ካንዴላ ነቀልኩ፣ ጠረግኩ፣ መለስኩ። ካርቡራተሩን በካቻቢቴ እጀታ ኳ ኳ አደረግኩት። እጄም ሸሚዜም ጠቆረ። አንድ ሊስትሮ ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና ተነሥቶ መጣ። መኪናዋን ከፊት ይዞ ወዘወዛት። ጆሮውን ጠጋ አደረገ።

«ጋሼ፣ ባዶ ናት።»

አማቴ ምንም አላሉም። ከድፎው ቆርሰው ለልጁ ሰጡት። ለእኔ አልሰጡኝም።

በማግስቱ ጌጁን ራሴ ልሠራ ተነሣሁ። ኢንተርኔት ላይ እንዳየሁት ነገሩ ቀላል ነው፤ ከሰልባትዮው፣ ማለትም ከቤንዚን መያዣው፣ የሚመጣውን ሽቦ ነቅለህ ከቦዲው ጋር ስታነካካው ቀስቷ ወደ ሙሉ ከወጣች ጌጁ ደህና ነው፣ ችግሩ ወዲያ ሰልባትዮው ጋ ነው ማለት ነው። ፊውዞቹን አየሁ፣ ደህና ናቸው። ቁልፉን ዘጋሁ፣ ቀስቷ ግማሽ ላይ። የኋላ ወንበሩን አንሥቼ ባትሪውን ራሱን ነቀልኩ፣ አሁንም ግማሽ ላይ። ጤነኛ ሰው እዚህ ጋ ቆም ብሎ ያስባል። እኔ ግን «ከሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ እየሰረቀች ነው» ብዬ ሄጄ ቴስተር ገዛሁ።

የፊት ኮፈኑን ስከፍት ከሰልባትዮው አናት ተነሥቶ ወደ ጌጁ የሚሄድ ጥቁር ሽፋን ያለው ሽቦ አገኘሁ። ቴስተሩ ምንም አላነበበም። «በቃ ሽቦው ሞቷል» ብዬ በፒንሳ ቆረጥኩትና ጫፉን ከቦዲው ጋር አነካካሁ። ምንም የለም። ደግሞ ውስጡ መዳብ ሳይሆን ብረት ነው።

ሰፈራችን ውስጥ ቮልስ ሲሠሩ ያረጁ መካኒክ አሉ። አይተው ሳቁ። ሲስቁ ቆዩና ረዳታቸውን ጠርተው እንደገና ለሁለት ሳቁ።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ እኮ ሽቦ አይደለም። ገመድ ነው። እንደ ብስክሌት ፍሬን።»

ለካ በዚያ ዘመን ቮልስ ላይ ኤሌክትሪክ ከጌጁ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ቤንዚኑ ላይ የሚንሳፈፈው ዕቃ ከፍ ዝቅ ሲል ገመዱን ይስባል፣ ገመዱ ቀስቷን ይስባል፣ አለቀ። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የመጣው ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ነው። ከ1962 ሞዴል በፊት የነበሩት አብዛኞቹማ ጭራሽ ጌጅ አልነበራቸውም፤ ሞተሩ መንተባተብ ሲጀምር ሹፌሩ እግሩ ጋ ያለችውን መክፈቻ አዙሮ በመጠባበቂያው ቤንዚን ማደያ ፍለጋ ይሄዳል።

«ዝጎ ነው የያዘው። ትንሽ ዘይት ብታጠጣው ይለቅልህ ነበር» አሉኝ፣ የቆረጥኩትን ጫፍ እንደ አይጥ ጭራ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው።

ገመዱ እስኪገኝ የመጥረጊያ እንጨት ቆርጠው ሰጡኝ። የእኔዋ ቤንዚን መሙያ ኮፈኑ ሥር ስለሆነ እንጨቱ ቀጥ ብሎ ይገባል። ሰልባትዮው 40 ሊትር ስለሚይዝ፣ አምስት አምስት ሊትር እየጨመርኩ በቢላ ስምንት ቦታ ጫርኩበት።

ቀስቷ ዛሬም ግማሽ ላይ ናት። አማቴ ደግሞ የመኪናዋን በር ይዘው ይቆማሉ እንጂ ዝም ብለው አይገቡም።

«እንጨቱ ምን አለ?»