የአያቴ ጥለትና የሌየሮች ስሌት

አክስቴ ከሳሎኗ ግድግዳ ላይ አውርዳ የሰጠችኝ የአያቴ ፎቶግራፍ ጥቁርና ነጭ ነው። ዳር ዳሩ ቆሽሿል፣ መሐሉ ደግሞ ለዓመታት ከመስኮት በገባው ብርሃን ገርጥቷል። አያቴ በፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት ቆማለች፤ ነጭ የሀገር ባህል ቀሚስ ለብሳ ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋለች። አክስቴ የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ነበር፤ ፎቶው እንዲጠራና ቀለም እንዲኖረው። ሥራው ሦስት ምሽት ፈጀብኝ፤ ከዚህም አብዛኛው ያለፈው ብሌንዲንግ ሞድ ከሚባለው ነገር ጋር ስለነበር ስለ እርሱ ለመጻፍ ወደድኩ።

ፎቶሾፕ በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ሌየር፣ ማለትም እንደ ግልጽ ወረቀት በምስል ላይ የሚደረብ ንብርብር፣ የገባው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1994 ዓ.ም. በወጣው ሦስተኛው እትም ነው። ብሌንዲንግ ሞድ ማለት ደግሞ የላይኛው ሌየር ከሥሩ ካለው ጋር በምን ዓይነት ስሌት እንደሚዋሃድ የምንወስንበት ምርጫ ሲሆን፣ በዛሬው ፎቶሾፕ 27 ያህል ስሞች ተዘርዝረው ይገኛሉ። እኔ ለረጅም ጊዜ የምጠቀምባቸው ዕጣ እንደሚያወጣ ሰው ነበር፤ አንዱን እሞክራለሁ፣ ካላማረኝ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ፣ ዓይኔን የሳበው ላይ እቆማለሁ። በሚቀጥለው ፎቶ ላይ ግን ያው ሞድ ሥራዬን ያበላሽብኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነም አላውቅም ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ በማተሚያ ቤት ስሠራ በአንድ ተራ ጉዳይ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ያረፈ ማህተም ስካን ተደርጎ በደብዳቤ ላይ እንዲቀመጥ ሲታዘዝ፣ ነጩን ወረቀት በኢሬዘር እየፈቅኩ ግማሽ ሰዓት አጠፋ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከጎኔ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና ማውሱን ተቀብሎኝ ሌየሩን ወደ መልቲፕላይ ቀየረው፤ ነጩ በአንዴ ጠፍቶ ማህተሙ ብቻ ቀረ። እንዴት እንደሆነ ስጠይቀው፣ ስሙ ራሱ ማባዛት እንደሚል ነገረኝ። እያንዳንዱ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራበት ትንሽ ነጥብ፣ በየቀለሙ (በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ) ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር አለው፤ 0 ጥቁር፣ 255 ሙሉ ብርሃን ነው። መልቲፕላይ የላይኛውን ቁጥር በታችኛው አባዝቶ ለ255 ያካፍላል። ስለዚህ ነጭ የሆነው ሁሉ የሥሩን ቁጥር እንዳለ ይተወዋል፣ ጥቁር የሆነው ሁሉ ጥቁር ያደርገዋል፤ በመካከል ያለው ደግሞ እንደየመጠኑ ያጨልማል።

በአያቴ ፎቶ የጀመርኩትም በዚሁ ነው። ገርጥቶ የነበረው ፎቶ እውነተኛ ጥቁር አልነበረውም፤ በጣም የጨለመው ቦታ እንኳ 70 ያህል ነበር። ሌየሩን ገልብጬ ቅጂውን መልቲፕላይ ሳደርገው ያ 70 ወደ 19 ሲወርድ፣ የቀሚሱ 230 ግን 207 ላይ ቆመ። በሌላ አነጋገር ጥላው ወደ ቦታው ሲመለስ ነጩ ብዙም አልተጎዳም። ችግሩ ፊቷ ላይ ነው፤ 120 የነበረው ወደ 56 ወርዶ የዓይኖቿ ዙሪያ ጠቆረ። ኦፓሲቲውን፣ ማለትም የቅጂውን የመሸፈን ኃይል፣ ወደ 60 በመቶ ስቀንሰው ፊቷ 80 ገደማ ላይ አረፈ፤ እንደዚያም ሆኖ ጥቂት ብርሃን ይፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ስክሪን የተባለውን ሞድ መጠቀም ይቀናል፤ እኔን ግን ልምድ አስተምሮኛል። ከዓመታት በፊት የአንዲትን ሙሽራ ፎቶ ሳዘጋጅ ጠይም ፊቷ እንዲበራ ብዬ የሙሉውን ምስል ቅጂ በላዩ ደርቤ በስክሪን አበራሁት። ስክሪን የመልቲፕላይ ግልባጭ ነው፤ ሁለቱንም ቁጥሮች ከ255 ቀንሶ የቀረውን ያባዛል፣ ለ255 ያካፍላል፣ ውጤቱን እንደገና ከ255 ይቀንሳል። 80 የነበረው ፊት 135 ሆነ፤ ይህ የፈለግሁት ነው። የቀሚሱ 220 ግን 250 ሆነ፤ የእጥፋቱ ጥላ 200 የነበረው ደግሞ 243 ደረሰ። በብርሃኑና በጥላው መካከል የነበረው የ20 ልዩነት ወደ 7 ጠበበ ማለት ነው። ሸማኔው የደከመበት ሽመናና እጥፋት በሙሉ ጠፍቶ ቀሚሱ ከወረቀት የተቆረጠ መሰለ። ሙሽራዋ አልበሙን ገልጣ «ቀሚሴ የት ሄደ?» ስትል የመለስኩላት ቃል አልነበረም። ነጭ ሸማና ጠይም ፊት በአንድ ፎቶ ውስጥ ሲገናኙ፣ በእኛ ሀገር ደግሞ ሁልጊዜ ይገናኛሉ፣ ለሁለቱ አንድ ዓይነት ስሌት ማዘዝ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ ለአያቴ ፊት የተጠቀምኩት ሶፍት ላይትን ነው። አዲስ ሌየር ከፍቼ በ50 በመቶ ግራጫ ሞላሁትና ሞዱን ሶፍት ላይት አደረግሁት፤ በዚህ ሞድ ከመካከለኛው ግራጫ የበራው ያበራል፣ የጨለመው ያጨልማል፣ መካከለኛው ግራጫ ራሱ ግን ምንም ለውጥ ስለማያመጣ ሌየሩ ከዓይን ይሰወራል። ከዚያ በለስላሳ ብራሽ፣ ኦፓሲቲውን 5 በመቶ ላይ አድርጌ፣ ግንባሯንና ጉንጯን በነጭ፣ የአንገቷን ሥር በጥቁር ደጋግሜ ዳበስኩ። ሶፍት ላይት ከሥሩ ያለውን ፎቶ ፍጹም ጥቁሩንና ፍጹም ነጩን ስለማይነካ እጅ ቢያመልጥ እንኳ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ስህተትም ቢሠራ በዚያው ቦታ ላይ ግራጫ መልሶ መቀባት ይበቃል፤ ከሥሩ ያለው ፎቶ አልተነካም።

የቀለሙ ተራ ሲደርስ መጀመሪያ ፋይሉን ግራጫ ብቻ ከሚይዘው ግሬይስኬል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊን ወደሚይዘው አርጂቢ ቀየርኩ፤ ይህ ከተረሳ የፈለጉትን ቀለም ቢመርጡ የሚወጣው ግራጫ ነው። ቀጥሎ ለፊት፣ ለመጋረጃውና ለጥለቱ የየራሳቸውን ሌየር ከፍቼ ከለር በተባለው ሞድ ላይ አደረግኋቸው። ይህ ሞድ የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ከላይ፣ የብርሃኑን መጠን ደግሞ ከታች ይወስዳል። ከዚህ የተነሣ በጠቆረ ግራጫ ላይ ወርቃማ ቢቀቡ የሚወጣው ቡናማ ነገር ነው፤ ነጩ ሸማ ደግሞ ቀለም አልቀበልም እንዳለ ይቀራል። ፊትን በአንድ ቀለም ብቻ መቀባት ፕላስቲክ ስለሚያስመስለው፣ ለከንፈሯና ለጉንጯ ወደ ቀይ ያደላ፣ ለግንባሯ ወደ ቢጫ ያደላ ቡናማ መረጥኩ። በነገራችን ላይ፣ በኢንተርኔት የማያቸው ቀለም የተቀቡ የድሮ ፎቶዎች ብዙዎቹ የሰዎቹን መልክ ያቀላሉ፤ ከለር ሞድ በራሱ ይህን አያደርግም፣ የሚያደርገው የሠሪው እጅ ነው።

ጥለቱ ምን ቀለም እንደነበር አክስቴን በስልክ ጠየቅኋትና አረንጓዴ ነው አለችኝ። የቀሚሱና የነጠላው ጥለት በፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ ስለነበሩ ሁለቱንም አረንጓዴ ቀባሁና ላክሁላት። «አረንጓዴው ነው፤ ግን የእማዬ ጥለት እንዲህ የፈዘዘ አልነበረም፣ ጠቆር ይላል» ስትል መለሰችልኝ። ጠቆር ያለ አረንጓዴ መርጬ ደግሜ ቀባሁ፤ ምንም አልጠቆረም። ከለር ሞድ ከላይኛው ሌየር ብርሃንም ጨለማም እንደማይወስድ እያወቅሁ እጄ ረስቶት ነው። ሌየሩን ገልብጬ ቅጂውን መልቲፕላይ አደረግሁት፣ ኦፓሲቲውንም 35 በመቶ ላይ ሳቆመው አረንጓዴው ጠልቆ ወጣ።

አትሜ ይዤላት ስሄድ አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ቀሚሱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና ይኸው ነው አለች። ከዚያ ጣቷን ነጠላው ላይ አሳርፋ፣ ይሄኛው ግን ቀይ እንደነበር ነገረችኝ።