እሑድ የተዘጋው በር

በጉዞ ወኪልነት እንግዶችን ይዤ ወደ ኢስታንቡል በተመላለስሁባቸው ጊዜያት ከመርሐ ግብሩ ሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ቀን ነበር። ሩጫ የለበትም፤ ጠዋት ሱልጣናህመት አካባቢ ያሉትን ሁለት ታላላቅ ሕንጻዎች ተረጋግቶ ማየት፣ ቀትር ላይ ምሳ መብላት፣ ከሰዓት በኋላ በታላቁ ገበያ መገብየት፣ ማምሻውን ሻንጣ መሸከፍ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2024 ይህ ሁሉ ያለ አንዳች እንከን ስለተከናወነልኝ፣ በዓመቱ ሌላ ቡድን ሲመደብልኝ የአምናውን ሰነድ ከፍቼ 2024 የሚለውን 2025 ብዬ፣ የአሥራ አንዱን ተጓዦች ስም ተክቼ ለአለቃዬ ላክሁት። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ እንዲያውም ቅልጥፍናዬ አኩርቶኝ ነበር።

የዕለቱ ጠዋት አምሮ ዋለ። በሰማያዊው መስጊድ ሴቶቹ በሻሽ ተሸፋፍነው፣ ሁላችንም ጫማችንን አውልቀን፣ ከ1609 እስከ 1616 የተሠራውን ያን ሕንጻ አንገታችንን አቅንተን አየነው። በ537 ወደተመረቀችው ሃጊያ ሶፊያ ስንሻገር የውጭ አገር ጎብኚ ከፍሎ የሚወጣው ወደ ላይኛው ሰገነት ስለሆነ ሰልፉን ታገሥን፤ እዚያ ያሉት ሞዛይኮች ግን ድካሙን አስረሱን። ከዚያም የትራሙን ሐዲድ ተከትለን፣ የቆስጠንጢኖስን ዐምድ አልፈን፣ ኑሩኦስማኒዬ ወደሚባለው የገበያው በር አቀናን። በመንገዳችን ሁሉ ከስልሳ በላይ ስለሚሆኑት የገበያው ውስጥ መንገዶችና በሺዎች ስለሚቆጠሩት ሱቆች እየተረክሁ ነበር። ከእንግዶቹ መካከል አንዲት ጠና ያሉ እናት ለልጃቸው ሠርግ አምባር ሊገዙ ገንዘባቸውን ለብቻው ቋጥረው ስለነበር፣ የወርቅ ቤቶች ስለተደረደሩበት ስለ ካልፓክቺላር መንገድ ደጋግመው ይጠይቁኝ ነበር።

በሩ ተዘግቷል። ከባዱ መዝጊያ ግጥም ብሎ፣ ከፊቱ አንዲት ድመት ፀሐይ ትሞቃለች።

ዛሬም የሚያሳፍረኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። ወደ እንግዶቼ ዞሬ «ዛሬ ድንገት ሳይዘጉ አልቀሩም…» ብዬ ጀመርሁ። ዐረፍተ ነገሩን ሳልጨርስ አጠገባችን በጋሪ ሲሚት፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበትን ክብ ዳቦ፣ የሚሸጥ ሰው እጁን እያወዛወዘ «ፓዛር፣ ካፓሊ» አለ። «ካፓሊ» በቱርክኛ የተሸፈነም የተዘጋም ማለት ነው፤ ገበያው ራሱ «ካፓሊ ቻርሺ»፣ ጣሪያ የለበሰ ገበያ ይባላል። «ፓዛር» ደግሞ ገበያም ነው፣ እሑድም ነው። እንግዶቼ የሰሙት «ገበያው ተዘግቷል» የሚለውን ብቻ ስለሆነ ውሸቴ ልትሸሸግልኝ ትችል ነበር። እኔ ግን የሰማሁት ሁለተኛውን ትርጉም ነው፤ አምና ቅዳሜ የዋለው 19ኛው ቀን ዘንድሮ እሑድ ላይ መውደቁ፣ ታላቁ ገበያ ደግሞ እሑድ እሑድ እንደማይከፈት አሳምሬ ማወቄ፣ ሁለቱ ነገሮች ጭንቅላቴ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገናኙት እዚያ በር ላይ ነው።

«ድንገት አይደለም» አልኋቸው፤ «በየሳምንቱ እሑድ ይዘጋል። ቁጥሩን ቀየርሁ እንጂ ዕለቱን አላየሁም።» በረራችን ሰኞ ንጋት ላይ ስለነበር ነገ እንመለስ ማለት እንኳ አልቻልሁም። እናትየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንግዲህ አንተም ሰው ነህ ልጄ፣ አሁን ግን ርቦኛል» አሉኝ።

በትራም ወደ ኤሚኖኑ ወደብ ወረድን። እሑድም ወደሚከፈተው የቅመም ገበያ ገብተን ፒስታስዮ፣ የደረቀ በለስና ከረሜላ የመሰለውን ሎኩም እየቀመስን ገዛን፤ ቱርኮች ይህን ስፍራ የግብፅ ገበያ ይሉታል፤ የተሠራው ከግብፅ በተሰበሰበ ግብር ስለነበር ነው። ከወደቡ ዳር በዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ በልተን፣ ጀልባ ተሳፍረን ወደ እስያው ክፍል ወደ ካዲኮይ ተሻገርን። ጉዞው ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። እናትየው ከሲሚታቸው እየቆረሱ ለተከታተሉን የባሕር ወፎች ሲወረውሩ አንዷ ከጣታቸው ጫፍ ላይ ነጥቃ በረረች፤ በጉዞው ሁሉ እንደዚያ ሲስቁ አላየኋቸውም ነበር። አምባሩ ግን ሳይገዛ ቀረ፤ ጀልባውም ሆነ ወፏ ያንን አልተኩትም።

ቢሮ ስመለስ በሪፖርቴ ላይ «ገበያው ዝግ ነበር» ብዬ ማለፍ ስችል የሰነዱን አገለባበጥ እንዳለ ጻፍሁት። አለቃዬ አንብበው አልተቆጡም፤ በመርሐ ግብሩ ቅጽ ላይ ከቀኑ ቀጥሎ ሁለት ዓምዶች እንድጨምር ብቻ አዘዙኝ፤ አንዱ «ዕለት»፣ ሌላው «የሚዘጋበት»። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች የሞላሁት እኔው ነኝ፦ ታላቁ ገበያ እሑድ፣ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ፣ ሰማያዊው መስጊድ በጸሎት ሰዓት፣ ይልቁንም ዓርብ ቀትር ላይ።