ከስሙ በፊት ጀርባውን እዩ፦ ስለ አሮጌ የሩሲያ ሌንሶች

ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ በፊልም ፎቶ ማንሳት ለሚወድ ሰው የጀርመኑ ላይካ ካሜራ ሌንስ ዋጋው አይቀመስም። ለሬንጅፋይንደር ካሜራ (በመስኮቱ የሚታዩትን ሁለት ምስሎች በማጋጠም ርቀት ለሚለካው) የተሠሩት የሶቪየት ሌንሶች ግን ዛሬም በርካሽ ይገኛሉ። ዞርኪ-4 ካሜራዬን ይዤ እነሱን ማፈላለግ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። እስካሁን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ዙሪያችሁን ጠይቁ። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄደዋል። የአንዱ ጋሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ፌድ ወይም ዞርኪ ተቀምጦ ይሆናል።

ፌድ በ1934 እ.ኤ.አ. ካርኪቭ ውስጥ ላይካን አስመስሎ መሠራት የጀመረ ካሜራ ነው። የጀመሩት ወላጅ አልባ ልጆች የሚያድጉበት የሥራ ማኅበር ነበር። ይህ ታሪክ ሁሌም ይገርመኛል። ዞርኪ በ1948 ሞስኮ አጠገብ ካለችው ክራስኖጎርስክ ተከተለ። ሁለቱም 39 ሚሜ ስፋት ባለው ጥርስ የሚጠመዘዝ ሌንስ ይቀበላሉ።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ዜኒት የተባሉት፣ በሌንሱ በራሱ በኩል የሚታይባቸው የድሮ የሶቪየት ካሜራዎች ሌንስም 39 ሚሜ ነው። ዞርኪ ላይ ልክክ ብሎ ይገጥማል፤ ፎቶው ግን ይደበዝዛል። ምክንያቱም በሬንጅፋይንደር ከሌንሱ መቀመጫ እስከ ፊልሙ ያለው ርቀት 28.8 ሚሜ ሲሆን በዜኒት 45.2 ሚሜ ነው። ጁፒተር-8 የተባለው ሌንስ ደግሞ ኪየቭ ለተባለው ሌላ የሶቪየት ካሜራም ተሠርቷል፤ የኪየቭ አገጣጠም ጨርሶ ሌላ ነው። ስለዚህ በሬ የሚገዛ ገበሬ አፉን ከፍቶ ጥርሱን እንደሚያየው፣ እኔም ሌንሱን ገልብጬ ጀርባውን ሳላይ ስለ ዋጋ አላወራም። ጥርስ መኖር አለበት። ፎከሱ ሲዞር ደግሞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄድ ቀለበት መታየት አለበት። የካሜራውን ርቀት መለኪያ የሚገፋው እሱ ነው። ሻጩ የጀርባውን ፎቶ ካልላከ እለፉት።

ቀጥሎ ባትሪ አብርታችሁ በሌንሱ ውስጥ አሻግሩ። የሸረሪት ድር የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ነጭ ጉም ከሆነ ብዙ ጊዜ የተነነ ቅባት ነው፤ ባለሙያ ያጸዳዋል። ፎከሱ የሚከብድ ከሆነ አሮጌው ግራሶ ደርቋል ማለት ነው፤ ይህም ይታደሳል። የብሎኖቹ ራስ የተፋፋቀ ከሆነ ግን ያልሠለጠነ እጅ ፈቶታል፤ እኔ እንዲህ ያለውን አልገዛም። የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አሃዞች አብዛኛውን ጊዜ የተሠራበትን ዓመት ያሳያሉ። በ63 ከጀመረ 1963 እ.ኤ.አ. ነው።

ካሜራው ላይ ከገጠማችሁት በኋላ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ርቀት አዙሩና የጮቄን ተራራ በመስኮቱ እዩ። ሁለቱ ምስሎች አንድ ላይ ካልገጠሙ ወዲያው ሌንሱን አትውቀሱ። ሌላ ሌንስ ሞክሩ፤ መስተካከል ያለበት ካሜራው ሊሆን ይችላል።

ለጀማሪ የምመክረው ኢንዱስታር-61 ነው። አፐርቸሩ (ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 2.8 ነው፤ መስታወቱ ላንታነም የተባለ ንጥረ ነገር አለው፤ አራት መስታወት ብቻ ስለሆነ ቀላልና ጠንካራ ነው። 5.6 ላይ የጤፍ ማሳ ሲነሳበት አገዳው ተለይቶ ይታያል።

ልቤ ያለው ግን ጁፒተር-8 ላይ ነው። 50 ሚሜ፣ አፐርቸሩ 2። ዞናር ከተባለው የጀርመኑ ዛይስ ኩባንያ ሌንስ የተቀዳ ነው። 2 ላይ ዳር ዳሩ ይለሰልሳል፤ ለእናቶች ፊት እንደ እሱ የሚስማማኝ የለም። ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና ሲያፈሉ በእሱ ነው የማነሳቸው። ፀሐይ ከጎን ስትመታው ግን ምስሉ ይነጣል። 40.5 ሚሜ የፀሐይ መከለያ ግዙለት፤ ኢንዱስታር-61ም ላይ ይገጥማል።

ስለ ፀሐይ ካነሳን፣ በእነዚህ ካሜራዎች ፊልሙን ከብርሃን የሚሸፍነው መጋረጃ ጨርቅ ነው። ሌንሱ ክዳን ሳይኖረው ወደ ፀሐይ ከዞረ ጨርቁን አቃጥሎ ሊበሳው ይችላል። የበጋ ፀሐያችን ደግሞ ቀላል አይደለችም። ክዳኑን አትርሱ! በክረምት የሚያሰጋው ሻጋታ ነው። ሌንሱን ከቆዳ ማኅደሩ አውጡት። በሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ካርቶን ከሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ጋር አስቀምጡት።

አሁን የምፈልገው ለጥር 23ቱ የእንጅባራ የፈረሰኞች በዓል የሚሆን ሌንስ ነው። ሩቁን የሚያቀርበውን 135 ሚሜ ጁፒተር-11 አስቤ ነበር። ግን በሬንጅፋይንደር የሚጋልብ ፈረስ ላይ በ135 ፎከስ ማድረግ ከባድ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጎ ወደሚያሳየው 35 ሚሜ ጁፒተር-12 አዘንብያለሁ፤ ርቀቱን አስቀድሜ አስተካክዬ ፈረሰኞቹን እጠብቃለሁ። የዞርኪ-4 መስኮት የሚያሳየው የ50 ሚሜን ስፋት ስለሆነ ከላይ የሚሰካ የ35 መመልከቻ ያስፈልገኛል። ትርፍ ያላችሁ ወይም የሚሸጥ ያያችሁ ጠቁሙኝ።