ሜዳ የሌለው ክለብ

ባርባሪያንስ በሚባለው የራግቢ ክለብ ላይ ሲወራ ሁሌም አንድ ነገር ይደጋገማል፦ የማይተዋወቁ ሰዎች ተሰብስበው፣ ያለ ዝግጅት፣ እንደመጣላቸው የሚጫወቱበት ቡድን ነው ይባላል። ይህ ግማሽ እውነት ይመስለኛል። ሌላውን ግማሽ ለማየት የሚፈልግ ሰው የተጫዋቾቹን ካልሲ ይመልከት።

ማሊያው ጥቁርና ነጭ አግድም መስመር ነው፤ ቁምጣው ጥቁር። ካልሲውን ግን ክለቡ አያድልም። እያንዳንዱ ተጫዋች የመጣበትን ክለብ ካልሲ አድርጎ ይገባል፣ ስለዚህ ሜዳው ላይ አሥራ አምስት ሰው አንድ ማሊያ ለብሶ እግሩ ግን የተለያየ ቀለም ነው። ይህ ጌጥ ብቻ አይደለም። ክለቡ ተጫዋቾቹን በውሰት እንደሚያገኝ ያውቃል፣ ያበደሩትንም ክለቦች በአደባባይ ያስታውሳል።

ሌላም የሌለው ነገር ብዙ ነው። የራሱ ሜዳ የለውም፣ የክለብ ቤት የለውም፣ የአባልነት መዋጮም አይሰበስብም። ጽዋ ማኅበር ከቤት ቤት እንደሚዞር ከከተማ ከተማ እየዞረ ይጫወታል። አባል የሚሆነው የተጋበዘ ብቻ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ዊሊያም ፐርሲ ካርፕሜል የተባለ፣ ብላክሂዝ ለተባለ የለንደን ክለብ የሚጫወት ሰው ሲሆን፣ ቡድን ይዞ ወደ ሰሜን እንግሊዝ በሄደበት ወቅት፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1890 በብራድፎርድ ከተማ በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ነገሩ ተወሰነ (እዚህ የምጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 27 የመጀመሪያውን ጨዋታ ከሃርትልፑል ሮቨርስ ጋር አድርገው 9 ለ 4 አሸነፉ።

ግብዣው ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ ጨዋታ መቻልና ጨዋነት። ከቀደሙት አባላት አንዱ የነበረውና በኋላ በደቡብ አፍሪካ የብሉምፎንቴይን ጳጳስ የሆነው ዋልተር ኬሪ የተናገረው ቃል የክለቡ መመሪያ ሆኗል። ፍሬ ነገሩ፣ ራግቢ በየትኛውም የኑሮ ደረጃ ላለ ጨዋ ሰው የተገባ ነው፤ ጨዋታን የሚያበላሽ ሰው ግን ከየትኛውም ደረጃ ቢመጣ ቦታ የለውም የሚል ነው። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ልማድ አለ፦ በየቡድኑ ለአገሩ ተሰልፎ የማያውቅ ቢያንስ አንድ ተጫዋች ይካተታል። በ1973 ኒውዚላንድን የገጠመው ቡድን ውስጥ ቦብ ዊልኪንሰን የተባለው የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች በዚህ ልማድ ገባ፤ ለእንግሊዝ የተሰለፈው ከዚያ በኋላ ነው።

ተጫዋች በማይከፈልበት በአማተሩ ዘመን የክለቡ ትልቁ ሥራ የፋሲካ ጉዞ ወደ ደቡብ ዌልስ ነበር። ዓርብ ፔናርዝ፣ ቅዳሜ ካርዲፍ፣ ሰኞ ስዋንሲ፣ ማክሰኞ ኒውፖርት፤ በአምስት ቀን አራት ጨዋታ። ማረፊያቸው ፔናርዝ ባሕር ዳር ያለው ኤስፕላናድ ሆቴል ነው፣ እሑድ ጎልፍ ይጫወቱ ነበር። ስቅለትን በስግደት ለሚያሳልፍ አንባቢ ዓርብ ቀን ጨዋታ መደረጉ ያስገርም ይሆናል፤ ለዌልስ የራግቢ ሰው ግን የዓመቱ ትልቅ ቀን ነበር። ራግቢ የሰውን ጉልበት ይጨርሳልና አንድ አሥራ አምስት ሰው አራቱንም ጨዋታ ሊችል አይችልም፤ ሰው እያፈራረቁ ማሰለፍ ግድ ነው። በየቀኑ የሚሰለፉት ስለሚለያዩም በአንዱ ቀን የተገኘው መግባባት ለሚቀጥለው ሙሉ በሙሉ አይተላለፍም። የፔናርዙ ጨዋታ በ1986 ቀረ፣ የቀረውም ጉዞ በ1990ዎቹ አጋማሽ አበቃ። ራግቢ በ1995 ለክፍያ ክፍት ሲሆን ክለቦች በፋሲካ ሰሞን የሚያበድሩት ተጫዋች አልነበራቸውም።

እንዲህ ያለ ቡድን የት እንደሚሰበር ማወቅ ይጠቅማል። መጀመሪያ የሚሰበረው ላይን አውት ነው፤ ኳስ ከጎን መስመር ሲወጣ ሁለቱ ቡድኖች ተሰልፈው የሚወረወረውን ኳስ ዘለው የሚሻሙበት ማለት ነው። ሁከሩ፣ ማለትም ወርዋሪው፣ ኳሱን የሚወረውረው ዘላዩ ሊደርስበት ወዳለው ቦታ ነው፤ ዘላዩን ከፊትና ከኋላ የሚያነሱት ሁለት ሰዎችም በዚያው ቅጽበት ማንሳት አለባቸው። አራቱ የተለያየ ክለብ ልጆች ከሆኑ ኳሱ ከዘላዩ ጣት በላይ ያልፋል ወይም ዘላዩ መውረድ ሲጀምር ይደርሳል። መድኃኒቱ ኳሱ ወደ ማን እንደሚወረወር የሚነግሩትን የምስጢር ጥሪዎች ወደ ሦስትና አራት መቀነስና አብዛኛውን ወደ ፊተኛው ሰው መወርወር ነው። ውርወራው አጭር ስለሆነ ብዙም አይስትም፤ ዋጋው ግን አለ፣ የኋላ ተጫዋቾች ከሰልፉ መጨረሻ ከሚመጣ ኳስ የሚያገኙትን ክፍት ቦታ ያጣሉ። ስክረም ላይ፣ ማለትም የሁለቱ ቡድን ፊተኞች ተያይዘው በሚገፋፉበት ጊዜ፣ ደግሞ ችግሩ ከፍታ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ያሉት ሁለቱ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሎ ከገፋ ፊት ያሉት ሦስቱ ይጠመዘዛሉ ወይም ወደ ላይ ይወጣሉ፣ ዳኛውም ፔናልቲ ይሰጣል። መከላከል ላይ የሚታየው ክፍተት ከሁሉም የከፋ ነው፦ አንዱ በክለቡ የለመደው ወደ ፊት ፈጥኖ መውጣት ነው፣ አጠገቡ ያለው ወደ ጎን እየተንሸራተተ መጠበቅ ነው፤ በሁለቱ መካከል በር ይከፈታል።

ፔናልቲ ሲያገኙ ወደ ቋሚዎቹ መትቶ 3 ነጥብ ከመውሰድ ይልቅ ኳሱን ይዞ መሮጥ የክለቡ ልማድ ነው። ሕግ ግን አይደለም። በ1973ቱ ጨዋታ ባርባሪያንስ ካስቆጠራቸው 23 ነጥቦች ሦስቱ ፊል ቤኔት የመታው ፔናልቲ ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ወደዚያ ጨዋታ የመጣሁትም ለካልሲው ስል ነው። ጥር 27 ቀን 1973፣ ካርዲፍ፤ ባርባሪያንስ ኒውዚላንድን 23 ለ 11 አሸነፈ። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቤኔት የራሱ ቋሚዎች አጠገብ ኳስ አነሣ፣ የሚመጡበትን አንድ በአንድ እግሩን እየቀያየረ አለፋቸው። ከእሱ ጄ.ፒ.አር. ዊሊያምስ፣ ከዚያ ጆን ፑሊን፣ ጆን ዶውስ፣ ቶም ዴቪድ፣ ዴሪክ ኩዊኔል፣ በመጨረሻም ጋሬዝ ኤድዋርድስ በግራ ጥግ አስቆጠረ። ሰባት ሰው ኳሱን ነክቷል፤ ከፑሊን በቀር ስድስቱ የዌልስ ልጆች ናቸው። ቤኔት፣ ዴቪድና ኩዊኔል ደግሞ ከሦስት ወር በፊት፣ ጥቅምት 31 ቀን 1972፣ ይህንኑ ኒውዚላንድ 9 ለ 3 ባሸነፈው ላኔሊ በተባለው የዌልስ ክለብ ውስጥ አብረው ነበሩ። ዊሊያምስና ዶውስ ደግሞ የሌላ ክለብ፣ የለንደን ዌልሽ፣ ተጫዋቾች ነበሩ። ከጨዋታው በፊት መልበሻ ክፍል ገብቶ ያነጋገራቸውም የላኔሊው አሰልጣኝ ካርዊን ጄምስ ነው፤ ቤኔትን ለላኔሊ እንደሚጫወተው ተጫወት አለው። ድፍረቱ በእርግጥ የባርባሪያንስ ነው። ጓደኛው የት እንደሚገኝ ሳያይ ማወቁ ግን በየክለባቸው ብዙ ጊዜ የተሠራ ነው።

ክለቡ ዛሬም ይጫወታል፤ በ2017 የሴቶች ቡድኑ ለመጀመሪያ ጊዜ በሊመሪክ ከመንስተር ጋር ተጫውቷል። ልማዱ ሲላላ ምን እንደሚሆንም ታይቷል፦ በ2020 የተወሰኑ ተጫዋቾች የኮቪድ ጥንቃቄ ደንብ ጥሰው ከማረፊያቸው በመውጣታቸው ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ጨዋታ ሁለት ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። ደስታና አብሮነት የክለቡ ወግ ነው፤ ለዚህ ግን ሰበብ አይሆንም፣ የኬሪ ቃል ሁለተኛው ክፍል የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ተጫዋች ለሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ብቻ ብመክር፣ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይጋብዝ እላለሁ። ሁከሩንና ዋናውን ዘላይ ከአንድ ክለብ፣ ኳሱን ከፊተኞች ተቀብለው ጨዋታውን የሚመሩትን 9 ቁጥሩንና 10 ቁጥሩን ከአንድ ክለብ፤ የቀሩትን አሥራ አንዱን ከፈለገበት የዓለም ጫፍ ያምጣ።