ከ«ግሬንደል» በኋላ ያለው ኒዮ ፕሮግ

ባለፈው እሑድ ማለዳ ከፍቅር ሐይቅ ተነሥቼ የሐይቁን ዳር ይዤ ወደ አሞራ ገደል ስራመድ፣ ከፕሮግረሲቭ ሮክ (በአጭሩ ፕሮግ፤ ረጃጅምና ውስብስብ ዘፈኖች ያሉት የሮክ ዘርፍ) ቀዳሚ ባንዶች አንዱ የሆነውን የጄኔሲስን «ሰፐርስ ሬዲ» በጆሮ ማዳመጫ እሰማ ነበር። በ1972 የወጣው ይህ ሥራ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) 23 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን፣ ወደ መገባደጃው ምቱ በዘጠኝ እየተቆጠረ ሲሄድ የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ቶኒ ባንክስ በኦርጋኑ የራሱን መንገድ ይዞ ከምቱ በላይ ይጓዛል። በስድስት ስምንተኛ ምት ላደገ ጆሮ እንኳ ይህ ቀላል አይደለም፤ እርምጃዬ ከዘፈኑ ጋር አልገጥም ቢለኝ፣ መረባቸውን ከሚያጸዱ ዓሣ አጥማጆች አጠገብ ቆሜ ያ ክፍል እስኪያልቅ ጠበቅሁ።

ስመለስ፣ ኒዮ ፕሮግ ከሚባሉት፣ ማለትም በ1980ዎቹ ይህን ሙዚቃ መልሰው ካነሡት ባንዶች አንዱ የሆነውን የማሪሊዮንን «ግሬንደል» ሰማሁ። በ1982 የወጣው ይህ ዘፈን ከ17 ደቂቃ በላይ ይረዝማል፤ ወደ መጨረሻው የሚመጣው ክፍልም እኔን ያስቆመኝን ያንኑ የጄኔሲስን ክፍል በግልጽ ያስታውሳል። የ1980ዎቹን ኒዮ ፕሮግ «የቀደሙት ቅጂ ነው» የሚሉ ሰዎች ማስረጃ ቢጠየቁ ይህን ማቅረብ ይበቃቸዋል፤ እኔም በዚህ ዘፈን አልከራከራቸውም። የምከራከረው መዝገቡ እዚያው ላይ መዘጋቱን ነው።

በፈጠራ ድፍረት ቀዳሚዎቹን የፕሮግ ባንዶች የሚስተካከል የለም። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኪንግ ክሪምሰን በ1969 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች አንዱ ሜሎትሮን ነበር፤ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ የቴፕ ክር አለ፣ ቁልፉ ሲጫን በክሩ ላይ የተቀዳው ድምፅ ይሰማል፣ ከስምንት ሰከንድ ገደማ በኋላም ክሩ ያልቅና ተጫዋቹ ጣቱን አንሥቶ እንደገና መጀመር ይኖርበታል። የዚያ ድምፅ መንቀጥቀጥና ትንፋሽ በ1980ዎቹ ንጹሕ ኪቦርድ ውስጥ የለም። በእኛም አገር በዚያው ዘመን ገደማ ትራምፔትና ሳክስፎን ቦታቸውን ለኪቦርድ ሲለቅቁ ያዘኑ አድማጮች ስላሉ፣ ይህን ቅሬታ በሚገባ እረዳዋለሁ።

ነገር ግን ረጅሙ ዘፈን ምን ይዞ ይረዝማል? ከቀዳሚዎቹ የሌላውን ባንድ፣ የዬስን «ክሎዝ ቱ ዘ ኤጅ» ለዓመታት ሰምቼ፣ በሙዚቃው ሁልጊዜ እየተደነቅሁ፣ ግጥሙ ስለ ማን እንደሚናገር ዛሬም ለሰው ማስረዳት አልችልም። ማሪሊዮን በ1985 ያወጣውን «ሚስፕሌስድ ቻይልድሁድ» ግን ታላቅ ወንድሜ በ90 ደቂቃ ካሴት አንደኛ ገጽ ላይ ሙሉውን ቀድቶልኝ ነበር፤ 41 ደቂቃው ሳይቆረጥ ይገባል። ዘፈኖቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ የት አልቆ የት እንደጀመረ አላውቅም ነበር፤ እንግሊዝኛዬም ደካማ ነበር፤ ቢሆንም አንድ ሰው ያጣውን ፍቅርና የልጅነት ዘመኑን እያሰበ እንደሚጎዳ ገብቶኛል። በትዝታ ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። የማሪሊዮኑ ጊታሪስት የስቲቭ ሮዘሪ ጊታርም እንዲሁ ነው፤ በጥቂት ኖታ ዜማውን ይይዝና እንደ ድምፃዊ ያስረዝመዋል፣ ለመፍጠን አይቸኩልም። ከዚህ አልበም የወጣው «ኬይሊ» በብሪታንያ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ አልበሙ አንደኛ ሆነ። አጭርና ፈጣን ዘፈኖች ያሉት ፐንክ ሮክ ይህን ዓይነቱን ሙዚቃ ቀብሮታል ከተባለ አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላ መሆኑ ነው።

አይኪው፣ ፔንድራጎንና ፓላስም በዚያው ዘመን የተነሡ የኒዮ ፕሮግ ባንዶች ናቸው፤ ከእነርሱ አይኪውን በጣም እወደዋለሁ፣ ክርክሬን የሚሸከምልኝ ግን ማሪሊዮን ነው። ድምፃዊው ፊሽ በ1988 ከተለየ በኋላ በምትኩ የገባው ስቲቭ ሆጋርት፣ ድልድይ ላይ ስለተገኘችና ማንነቷን መናገር ስላልቻለች ወጣት የፖሊስ ጥሪ በሬዲዮ ሰምቶ ነበር፤ የ1994ቱ «ብሬቭ» ከዚያ ተነሣ። በዚህ አልበም ውስጥ የጄኔሲስን ጥላ የሚፈልግ ሰው ብዙ ይደክማል። ለእኔ ከ1970ዎቹ ምርጦች ጎን የሚቆም ሥራ ነው።

የተጽዕኖውም ነገር እንዲሁ በሁለት መንገድ መታየት አለበት። በድምፅ በኩል ቀዳሚዎቹ ያስተማሩት ይበልጣል፣ ምንም እንኳ የማሪሊዮን ቤዝ ተጫዋች ፒት ትሬዋቫስ ከኋለኛው የፕሮግ ባንድ ከድሪም ቲያትር ከበሮ መቺ ከማይክ ፖርትኖይ ጋር ትራንስአትላንቲክ በተባለ ባንድ መሰለፉ የሚያሳየው ግንኙነት ቀላል ባይሆንም። ከአድማጭ ጋር በሚኖር ትስስር ግን ፈር የቀደዱት ኒዮዎቹ ናቸው። በ1997 ማሪሊዮን ወደ አሜሪካ ለመጓዝ ገንዘብ ሲያጣ፣ አድማጮቹ በራሳቸው ተነሣሽነት በኢንተርኔት ተጠራርተው 60,000 ዶላር ያህል አዋጡ። በ2001 የወጣውን አልበም ደግሞ ከ12,000 በላይ ሰዎች አንድም ኖታ ሳይሰሙ፣ ገና ሳይቀረጽ ገዙት። ለአዳዲስ ሥራዎች ገንዘብ ከሕዝብ የሚዋጣበት ድረ ገጽ ኪክስታርተር የተከፈተው በ2009 ነው።