እዚህ ላይ ምን ተላጠ?

ኢንቴሪየር ዲዛይን ቢሮ ውስጥ የሰራ ሰው ሳምፕል ክፍል ማለት ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ሴራሚክ በሴራሚክ ላይ፣ በላስቲክ የታሰረ የኤችፒኤል (ያው ፎርማይካ የምንለው) ቁርጥራጭ፣ የመጋረጃ ካታሎግ፣ ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የግራናይት ስባሪ፣ ከሁሉም ስር ደግሞ የሆነ ሰው የረሳው ምሳ ዕቃ። የኛ ቢሮ (አዲስ አበባ ነው፣ ከዚህ በላይ አልናገርም) ይሄን ክፍል አንቺ አስተካክይው ተባልኩ፣ ያው ጁኒየር ስለሆንኩ።

እኔ ደግሞ ከያዝኩ አልለቅም። አንድ 60 በ60 ሳንቲ ፖርሰሊን ሴራሚክ ብቻውን ወደ 8 ኪሎ ይጠጋል፣ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) መደርደሪያ ላይ ደራርባችሁ ብትጭኑት ሳይቆይ ይጎብጣል፣ ስለዚ ድንጋይና ሴራሚኩን 15 በ15 አስቆርጬ ታች የብረት መደርደሪያ ላይ አደረግኩት። እንጨቱን ከመስኮት አራቅኩ፣ ዋንዛ ብርሃን እያገኘው ሲሄድ ይጠቁራላ፣ ከዛ ደንበኛ በጠቆረው መርጦ አዲሱ ሲገጠምለት ይሄ አይደለም ይላል። ጨርቁ ለብቻው። ዋናው ግን ስቲከሩ ነው፦ ከእያንዳንዱ ጀርባ የአስመጪው ስም፣ ኮዱ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ባች (በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚናገረው ቁጥር)፣ ዋጋ፣ እና ለመጨረሻ ጊዜ ደውዬ "አለ" የተባልኩበት ቀን። ይቺ ቀን ለማያውቅ ትርፍ ትመስላለች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ ፊኒሺንግ ላይ የነበረ ሰው ግን ይገባዋል፣ ጠዋት የተቀበልከው ፕሮፎርማ ከሰዓት ይሻር ነበር፣ አንዳንዱ ዕቃ ደግሞ አንዴ መጥቶ ያልቅና በቃ አይመለስም።

ሲኒየር አርክቴክታችን ገብቶ አየና "ይሄ ፋርማሲ ነው እንዴ?" አለ። እኔ ሙገሳ መስሎኝ ሳቅኩ።

ከዛ የዓመት ፈቃድ ወጣሁ።

ስመለስ ግድግዳው በሙሉ ቦርድ ተገጥሞበት ሳምፕሎቼ በቀለም ተለጥፈዋል፣ ከነጭ ጀምሮ ክሬም፣ ቤዥ፣ ግራጫ እያለ እስከ ጥቁር፣ ሴራሚኩም ጨርቁም ፎርማይካውም ተደባልቆ፣ ከላይ ሞቅ ያለ የ3000 ኬልቪን ስፖት ላይት። ፎቶው ቴሌግራም ላይ ወጥቷል፣ ልብ በልብ ሆኗል። ባለ ሁለት ፊቱ ፕላስተር በስቲከር ላይ አልይዝ ስላለ ስቲከሮቹ ተልጠዋል። እውነት ለመናገር ያምር ነበር፣ የሚያበሳጨውም እሱ ነው፣ ቢያስጠላ እኮ ቢያንስ አፍ ሞልቶ መናገር ይቻላል።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ። እትዬ ጌስት ሀውስ ልትከፍት የመጣች ደንበኛ ናት፣ ዕድሜዋን መርካቶ ጨርቅ ስትሸጥ የኖረች ሴትዮ። ግድግዳውን አየች፣ "ውይ ሲያምር" አለች፣ አርክቴክቱ ወደኔ ዞር ብሎ ፈገግ አለ። ከግራጫዎቹ አንዱን ነጥላ አነሳችና ምንም ሳትል ወደ መስኮቱ ይዛው ሄደች። እዛ ሲደርስ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ አደላ።

"አምፖሉን እኛም እናውቀዋለን ልጄ" አለችው፣ "ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ምን ዓይነት መብራት እንደሚሰቅል አይጠፋኝም። ይሁን፣ እንዲህም ወድጄዋለሁ። አለ?"

"አለ እትዬ።"

"የት?"

"አስመጪዎቻችን ጋር።"

"የትኛው ጋር?"

ዝም። እሱ እኔን አየኝ፣ እኔ ወለሉን አየሁ። እትዬ ሳምፕሉን ገልብጣ አራቱ ጥግ ላይ ያለውን ፕላስተር ዳበሰች፣ መሃል ላይ የቀረውን ነጭ የማስቲሽ ምልክት በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችና፦

"እዚህ ላይ ምን ተላጠ?"

ምን ቢል ጥሩ ነው? "እ... የድሮ ዋጋ ነበር።"

"የድሮ ዋጋማ ከሆነ ምን ያስልጥሃል፣ በሱ ሽጥልኝ እንጂ!"

ሳቄን በሳል ለማስመሰል ሞክሬያለሁ፣ የተሳካ አይመስለኝም። እዛ ቆሜ የተሰማኝን ደስታ እስካሁን ለማንም በትክክል መንገር አልቻልኩም፣ ሰርግ ላይ እንኳን እንደዛ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትንሽ አዘገየሁት፣ አልዋሽም። ከዛ ሳምፕሉን ተቀብዬ የተቆረጠበት ጠርዝ ላይ በማርከር የጻፍኩትን ቁጥር አነበብኩ (ወረቀት አላምንም፣ ስቲከር ስለጥፍም ጠርዙ ላይ ቁጥር እጽፋለሁ) ኤክሴሌን ከፈትኩ፣ አስመጪው ጋር በስፒከር ደወልኩ። ልጁ "እሱ አልቋል እህቴ፣ ኮዱ ያው ነው ግን ሌላ ባች ነው ያለን፣ ቀለሙ ትንሽ ይለያል" አለ። እትዬ ስልኩ ላይ አጎንብሳ "ትንሽ ማለት ስንት ነው?" አለችው። ሳቀ እንጂ አልመለሰም። እሷም ሳምፕሉን አስቀምጣ የቤኒሻንጉል እምነበረድ መረጠች፣ ላዩ ላይ ያለው መስመር ከድንጋይ ድንጋይ እንደሚለያይ ስነግራት "እሱስ ቢሆን አይዋሽም፣ ከመጀመሪያው ይለያል" አለችና ሲቆረጥ ለሚባክነው ብለን በትርፍ የምንይዘው 10 ፐርሰንት ላይ ክርክር ጀመረች።

ግድግዳው አልፈረሰም። ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወሰደው እዛ ነው፣ እና ይሄን ስጽፍ ያመኛል ግን እኔም ስቸኩል በዓይነት ከደረደርኩት መደርደሪያዬ ይልቅ እዛ ጋር ሄጄ ነው የምፈልገው፣ ቶሎ ይገኛላ። አሁን እያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዙ ላይ ቁጥር አለው፣ አርክቴክቱም ለደንበኛ ሲያስጎበኝ "ሲስተማችን" እያለ ያስረዳል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቁጥሩን በጣቱ እያሳየ።

ባለፈው አዲስ የገባች ልጅ ስቲከር ስትለጥፍ አየና "አይ እህቴ፣ ስቲከር ብቻውን አይታመንም፣ ይላጣል፣ ጠርዙ ላይ ጻፊበት" ብሎ መከራት። ልክ ነው፣ ይላጣል።